ጥንታዊ የሙዚቃ መኪናዎችን በፊልም ስለ ማንሣት

ሙዚቀኛ ሳይነካቸው ዜማ የሚያሰሙ መሣሪያዎች በአውሮፓ ምድር ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሲሠሩ ኖረዋል። ሰዓት ሠሪዎች ያበጁት የሙዚቃ ሣጥን፣ በሠረገላ ላይ ተጭኖ በየመንገዱ የሚጫወተው ኦርጋን፣ በሰው አምሳል ተቀርጾ በገዛ ጣቶቹ ኦርጋን የሚመታው ተንቀሳቃሽ ምስል ሁሉ ከዚሁ ወገን ናቸው። ከእነዚህ መኪናዎች ብዙዎቹ ዛሬ በየቤተ መዘክሩና በሰብሳቢዎች ቤት ተቀምጠዋል። ድምፃቸውን የሚሰማው ሕዝብም ከመኪናው ፊት ከቆመው ይልቅ በየአገሩ ተቀምጦ በኢንተርኔት የሚሠራጨውን ቪዲዮ የሚመለከተው እየበዛ ሄዷል። ለዚህ ተመልካች ፊልሙ የመኪናው ምትክ ነው፤ ፊልሙ ቢስት ስሕተቱን የሚያርምበት ሌላ ምስክር በእጁ የለም። ስለዚህም የፊልሙ አነሣሥ ለሥዕሉ ማማር ብቻ የሚታሰብ ሳይሆን የባህል ጥናትን በቀጥታ የሚነካ የማስረጃ ጉዳይ ነው።

ነገሩ በአንድ ዓይነት መሣሪያ ላይ ተመርኩዞ ቢታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል፤ ይኸውም የስዊስ የሙዚቃ ሣጥን ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) አንትዋን ፋቭር የተባለ የጄኔቫ ሰዓት ሠሪ፣ ደወልና መዶሻ ሳያስፈልገው ዜማ የሚያሰማ መሣሪያ ማበጀቱን በ1796 ዓ.ም. ለከተማው የጥበባት ማኅበር አስታወቀ። ቀድሞ በሰዓት ውስጥ ይደወሉ የነበሩት ጥቃቅን ደወሎች ብዙ ቦታ ይፈጁ ስለ ነበር፣ በእነርሱ ፈንታ እየተነካ የሚንቀጠቀጥ የብረት ምላስ መግባቱ መሣሪያውን በኪስ እስከሚያዝ ድረስ አሳነሰው። ከዚህ በኋላ ሙያው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በጄኔቫና በዡራ ተራሮች ላይ በምትገኘው በሴንት ክርዋ ተስፋፋ። ዩኔስኮም የሜካኒካዊ ሰዓት ሥራንና የሜካኒካ ጥበብን ሙያ በ2020 ዓ.ም. በስዊስና በፈረንሳይ ስም በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ጽፎታል። የተመዘገበው ሣጥኑ ሳይሆን ሙያው መሆኑን አንባቢ ያስተውል።

የመኪናው አሠራር እንዲህ ነው። ከነሐስ በተሠራ ሲሊንደር ገጽ ላይ በሺህ የሚቈጠሩ ጥቃቅን የብረት እሾሆች ተተክለዋል። ከሲሊንደሩ ትይዩ ከአንድ የብረት ዝርግ የተሠራ ሚዶ ተጋድሟል፤ የሚዶው ጥርሶች በርዝመትና በክብደት ይለያያሉ፤ ወፍራም ድምፅ በሚሰጡት ጥርሶች ሥርም ድምፃቸውን ይበልጥ ዝቅ የሚያደርግ እርሳስ ተለጥፏል። ሲሊንደሩ ሲዞር እሾሁ ጥርሱን ከፍ አድርጎ ይለቀዋል፤ ጥርሱም በጣት ተስቦ እንደ ተለቀቀ የክራር ጅማት ይንቀጠቀጣል። ጥርሱ ገና እየተንቀጠቀጠ ሳለ ሌላ እሾህ ቢደርስበት ጆሮ የሚያስቀይም ጭርጭርታ ስለሚሰማ፣ ከጫፉ ሥር ንዝረቱን አስቀድሞ የሚያቆም ማፈኛ ተደርጎለታል፤ ይህም ለወፍራም ድምፆች ቀጭን የብረት ሽቦ፣ ለቀጫጭን ድምፆች የዶሮ ላባ ነው። ኀይሉ የሚመጣው ከተጠመጠመ ሞላ ነው። ሞላው እንዲሁ ቢለቀቅ በአንድ ጊዜ ስለሚፈታ፣ ኀይሉ በጥርሳም መዘውሮች እየተላለፈ በመጨረሻ አንዲት ትንሽ ክንፍ በታላቅ ፍጥነት ያዞራል፤ ክንፏም ከአየር ጋር እየታገለች የሲሊንደሩን አካሄድ ትገታለች። ሲሊንደሩ አንድ ጊዜ ሲዞር አንድ ዜማ ይፈጸማል፤ ከዚያም ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ ርቀት ወደ ጎን ሲገፋ ሌላ የእሾህ ረድፍ ከጥርሶቹ ፊት ይቀርባል። በዚህ ብልኀት አንድ ሲሊንደር ስድስት ወይም ስምንት ዜማ ሊይዝ ይችላል።

ይህን ሁሉ መዘርዘር ያስፈለገው ካሜራ የት መቆም እንዳለበት የሚወስነው ይኸው አሠራር ስለ ሆነ ነው። ሥራውን ያላጠና ፊልም አንሺ ካሜራውን በክዳኑ ጌጥና በእንጨቱ ጥርብ ላይ ያውለዋል፤ ጌጡ ውብ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ፎቶግራፍ ይበቃዋል። ዜማው የሚወለደው እሾህና ጥርስ በሚገናኙበት፣ ስፋቱ ከአንድ ጣት በማይበልጠው መሥመር ላይ ነው። ካሜራው ከሚዶው ወፍራም ድምፅ ጫፍ በኩል ዝቅ ብሎ በአግድም ሲመለከት ጥርሶቹ ሲነሡና ሲወድቁ በግልጽ ይታያሉ። በዚህ አቅጣጫ ግን ሌንሱ ቅርብ ስለሚሆን ጥቂት ጥርሶች ብቻ ጠርተው ሌሎቹ ይደበዝዛሉ። ረድፉ ሁሉ እንዲጠራ ከተፈለገ ካሜራውን ከላይ አውርዶ ከሚዶው ገጽ ጋር ትይዩ ማድረግ ይሻላል። አንዱ የእንቅስቃሴውን ከፍታ፣ ሌላው የዜማውን ሥርዓት ስለሚያሳይ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ብርሃኑም የራሱ ችግር አለው። የተወለወለ ነሐስ እንደ መስተዋት ስለሆነ መብራቱን፣ ካሜራውንና ፊልም አንሺውን ጭምር በገጹ ላይ ያሳያል። ብዙዎች የብርሃን ነጸብራቅ የሚቀንሰውን ፖላራይዘር የተባለ ማጣሪያ በሌንሱ ላይ በመግጠም ለማምለጥ ይሞክራሉ፤ ይህ ማጣሪያ ብቻውን ከመስታወትና ከውሃ ላይ የሚመጣውን ነጸብራቅ እንጂ ከራቁት ብረት የሚመጣውን እምብዛም አያጠፋም። የሚረዳው ሰፊ ነጭ ጨርቅ ዘርግቶ መብራቱን በጨርቁ ውስጥ አሳልፎ ማብራት ነው፤ ያን ጊዜ ሲሊንደሩ የሚያንጸባርቀው የጨርቁን ንጣት ስለሚሆን እሾሆቹ እንደ ጥቁር ነጠብጣብ ተለይተው ይታያሉ። የሚያግል መብራት ግን ከሣጥኑ አጠገብ መቅረብ የለበትም። እሾሆቹን ከውስጥ አጥብቆ የያዘው ሙጫ መሰል ነገር በሙቀት የሚለሰልስ ነውና።

አሁን የሚነገረው ከሁሉ ይልቅ ተመልካችን የሚያስት ነው። በአብዛኛው የአውሮፓና የአፍሪካ ክፍል የኤሌክትሪክ መሥመር በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ከዚሁ መሥመር የሚበሩ ብዙ መብራቶች በሴኮንድ 100 ጊዜ ደመቅና ደብዘዝ ይላሉ። ዓይን ይህን አያየውም፤ ካሜራ ግን ያየዋል። የካሜራው መከለያ ለእያንዳንዱ ሥዕል የሚከፈትበት ጊዜ የሴኮንድ አንድ ሃምሳኛ ወይም አንድ መቶኛ ከሆነ የብርሃኑ መዋዠቅ ይጠፋል፤ በሌላ ልክ ከተከፈተ በሥዕሉ ላይ የሚንሸራተቱ ጥቁር ዝርጎች ይመጣሉ። በአሜሪካ የመሥመሩ ምልልስ 60 ስለ ሆነ ልኩ አንድ ስድሳኛ ነው። የክንፏ ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ሁለት ጠፍጣፋ ያላት ክንፍ በሴኮንድ አሥራ ሁለት ጊዜ ተኩል ብትዞርና ካሜራው በሴኮንድ 25 ሥዕል ቢያነሣ፣ በእያንዳንዱ ሥዕል መካከል በትክክል ግማሽ ዙር ስለምትዞር ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ ቆማ ትታያለች። ፍጥነቷ ከዚህ ጥቂት ቢያንስ ወደ ኋላ የምትዞር ትመስላለች። መከለያው ለእጅግ አጭር ጊዜ ብቻ ሲከፈት ሥዕሉ ስለሚጠራ ሐሰቱም አብሮ ይጠራል፤ መከለያው ረዘም ላለ ጊዜ ሲከፈት ግን ክንፏ እንደ ጭጋግ ትደበዝዛለች፤ ዓይንም በእውነተኛው ሣጥን ላይ የሚያየው ይህንኑ ጭጋግ ነው። ብዙዎች የጠራውን ሥዕል ይመርጣሉ፤ ለጥናት የሚበልጠው ግን የደበዘዘው ነው።

ከሥዕሉ ይልቅ የሚከብደው ድምፁ ነው። የሚበዙት ካሜራዎችና ስልኮች ድምፅ ሲያንስ ከፍ፣ ሲበዛ ዝቅ የሚያደርግ መቈጣጠሪያ በራሳቸው አላቸው። በንግግር ጊዜ ይህ ይጠቅማል፤ በሙዚቃ ሣጥን ላይ ግን ጥርሱ እየደከመ ሲሄድ መቈጣጠሪያው ድምፁን ስለሚያነሣ የዜማው ተፈጥሯዊ አወራረድ ይጠፋል፤ በዜማዎች መካከል ባለው ጸጥታም የመዘውሩ ጕርምርምታ እንደ ወፍጮ ይሰማል። ይህን መዝጋትና መጠኑን በእጅ መወሰን የመጀመሪያው ሥራ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው የማይክሮፎኑ ቦታ ነው። ሣጥኑ በጠንካራ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ጠረጴዛው ከእርሱ ጋር ስለሚንቀጠቀጥ ወፍራሞቹ ድምፆች ይሞላሉ፤ በወፍራም ጨርቅ ላይ ሲቀመጥ ይቀጥናሉ። ስለዚህ ሣጥኑ በምን ላይ እንደ ተቀመጠ መጻፍ ያሻል። አንድ ማይክሮፎን ሰው በሚያዳምጥበት ርቀት፣ ሌላው ቀረብ ብሎ ቢደረግ፣ የፊተኛው ዜማውን የኋለኛው የመኪናውን ሥራ ይይዛል።

በዚህ ረገድ አንድ ክርክር አለ። አንዳንዶች ቅጂውን ካነሡ በኋላ የመዘውሩን ሹክሹክታና የማፈኛዎቹን ጠቅታ በኮምፒውተር ያጠፋሉ፤ ዜማው ብቻ ይቀራል። ይህ ንጹሕ ቅጂ ሊያሰኝ ይችላል። ነገር ግን የበገናን አሠራር የሚያውቅ ሰው ጥንቃቄ ማድረግ እንደሚገባ ወዲያው ይረዳል። በበገናው ጅማቶችና በድልድዩ መካከል የሚገቡት እንዝራ የተባሉት የቆዳ ቁራጮች ድምፁን የሚያንዘረዝሩት ሆን ተብሎ ነው፤ ይህን ንዝረት እንደ ጕድለት ቈጥሮ የሚያጠፋ ባለሙያ በገናን በገና ያሰኘውን ነገር ያጠፋል። በሙዚቃ ሣጥን የሚሰማው የመዘውር ድምፅ እንደ እንዝራው ለውበት ተብሎ የተደረገ አይደለም፤ ሠሪዎቹ ሊቀንሱት ይጥሩ ነበር። ሆኖም ሞላውና ክንፏ በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ የሚናገረው እርሱ ነው። ከዚህም በላይ ድምፅ አጥሪው ፕሮግራም የቀጫጭኑን ጥርሶች ከፍተኛ ንዝረት ከመዘውሩ ድምፅ ለይቶ ስለማያውቅ ሁለቱን አብሮ ይቈርጣል። ስለዚህ ላልተነካው ቅጂ ቅድሚያ መስጠት ይሻላል፤ የተጣራ ማሰማት የሚወድም ቢኖር መጣራቱን ይግለጽ። የድምፁንም ከፍታ ዛሬ ከተለመደው የኦርኬስትራ ልክ ጋር ለማስማማት ማንሣት ወይም ማውረድ የታሪክ ማስረጃን መፋቅ ነው፤ ሣጥኑ የተቃኘው በሠሪው ልክ ነውና።

ከዚህ የሚቀጥለው የፊልም አንሺውንና የመኪናውን ጠባይ የሚያጋጭ ነው። የሲኒማ ሠራተኛ ልማድ ማቋረጥ ነው፤ ብርሃኑ ባይስማማው “ቁም፤ እንደገና” ይላል። የሙዚቃ ሣጥን ግን በዜማው መካከል ሊቆም አይገባውም። በዜማው መጨረሻ ላይ እሾህ የሌለበት ባዶ መሥመር አለ፤ ሲሊንደሩ በዚያ ሲቆም ጥርሶቹ ሁሉ ነጻ ናቸው። በመካከል ከቆመ ግን ብዙ እሾሆች ጥርስ እንደ ነከሱ ይቀራሉ፤ በዚያ ሁኔታ ሣጥኑ ቢነሣ፣ ቢንቀሳቀስ ወይም ዜማው ቢለወጥ እሾህ ይጣመማል፤ የጥርስም ጫፍ ይሰበራል። ከዚህ የከፋው መዘውሮቹን የሚገታው ክንፍ በስሕተት ሲነካ ወይም ሲላቀቅ የሚመጣው አደጋ ነው። ያን ጊዜ የተጠመጠመው ሞላ ኀይሉን በቅጽበት ይለቃል፤ ሲሊንደሩ እንደ እብድ ይዞራል፤ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ እሾሆቹ ይተኛሉ፤ የሚዶው ጥርሶችም ይረግፋሉ። መቶ ዓመትና ከዚያ በላይ የኖረ መሣሪያ በዚህ ዓይነት ዜማውን ለዘላለም ሊያጣ ይችላል። ክንፏን በቅርብ ለማንሣት ሲባል መከላከያ መስታወቱን ማውጣትና ጣት ወይም ሽቦ ማስጠጋት ለዚህ አደጋ በር መክፈት ነው።

አደጋው ባይደርስ እንኳ እያንዳንዱ ጨዋታ መኪናውን በጥቂቱ ይበላዋል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ብዙ ጊዜ አጫውቶ ብዙ ሥዕል መሰብሰብ ሳይሆን፣ ብርሃኑንና ትኵረቱን መኪናው ዝም ብሎ ሳለ አዘጋጅቶ፣ ሦስት ካሜራ በየቦታው አቁሞ፣ አንዱን ዜማ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜ ማጫወት ነው።

ይህ አሠራር ለመኪናው ደኅንነት ብቻ ሳይሆን ለእውነትም ይበጃል። በቪዲዮዎች ላይ ዘወትር የሚታየው ልማድ በአንድ ጨዋታ ድምፁን፣ በሌላ ጨዋታ የጥርሶቹን ሥዕል አንሥቶ ሁለቱን መስፋት ነው። ሞላው ገና እንደ ተሞላ የሚጫወተው ዜማ ሞላው ከላላ በኋላ ከሚጫወተው ሊፈጥን ይችላል። አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ዜማ በሁለት ጨዋታዎች መካከል በመቶ ሁለት እጅ ቢለያይ፣ በመጨረሻው ላይ ልዩነቱ ከአንድ ሴኮንድ ያልፋል፤ ይህም በሴኮንድ 25 ሥዕል ለሚነሣ ፊልም ሠላሳ ሥዕል ነው። ተመልካቹ አንድ ጥርስ ሲነሣ እያየ የሌላውን ጥርስ ድምፅ ይሰማል። ተራው ተመልካች ላያስተውለው ይችላል፤ ከፊልሙ ተነሥቶ የትኛው ጥርስ የትኛውን ድምፅ እንደሚሰጥ ለመጻፍ የሚሞክር ተማሪ ግን ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆንበታል። በጀርመን አገር በጎቲንገን የነበረው የሳይንሳዊ ፊልም ተቋም በ1952 ዓ.ም. የጀመረው ታላቅ የፊልም መዝገብ፣ እያንዳንዱ ፊልም አንድን የተለየ ድርጊት ሳያዛባ እንዲያሳይ ይጥር ነበር። ተቋሙ በ2010 ዓ.ም. ተዘግቷል፤ ከፊልሞቹም አንዳንዶቹ ሕይወት የሌላቸውና ደረቅ ናቸው ተብለው መነቀፋቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ለሙዚቃ መኪና ግን ያ ጥብቅ መንገድ እጅግ ተስማሚ ነው፤ መኪናው ራሱ በሚታይ ምክንያትና በሚሰማ ውጤት የተሰፋ ነውና ድርቀት አይፈራለትም። የስዊድኑ ቪንተርጋታን የሙዚቃ ቡድን በብረት እንክብሎች የሚጫወት አዲስ መኪና ሠርቶ በ2016 ዓ.ም. ያሠራጨውን ቪዲዮ ብዙ ሚሊዮን ሰዎች መመልከታቸው፣ የዛሬ ተመልካች የመዘውርን ሥራ በትዕግሥት ለማየት እንደሚወድ ያስረዳል።

የመንገድ ኦርጋን ሌላ ዓይነት ጥንቃቄ ይሻል። ጋቪዮሊ የተባለው የፓሪስ ኦርጋን ሠሪ ቤት በ1892 ዓ.ም. ባወጣው ፈጠራ መሠረት፣ እሾህ በተተከለበት በርሜል ፈንታ ቀዳዳ ያለውና እንደ መጽሐፍ የሚታጠፍ ወፍራም ወረቀት ገባ። ይህ ዓይነት ኦርጋን በሆላንድ ከተሞች የጎዳና ሕይወት አካል ሆነ፤ በኡትሬክት ያለው የሜካኒካዊ ሙዚቃ ቤተ መዘክርም በ1956 ዓ.ም. ተቋቁሞ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ቡርኬርክ በተባለው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ውስጥ ይገኛል። የኦርጋኑ ፊት በቀለምና በምስል ያጌጠ ስለ ሆነ ካሜራዎች ሁሉ ወደዚያ ይዞራሉ። ሥራው ያለው ግን በጀርባው ነው፤ በዚያ መጽሐፉን የሚያስገባ፣ ታላቁንም መዘውር በክንዱ የሚያዞር ሰው ቆሟል። መዘውሩ ወናፉን ያናፋል፤ መጽሐፉንም ይስባል። ስለዚህ ሰውየው ሲያፈጥን ዜማው ይፈጥናል፤ ሲደክም ይዘገያል። “ያለ ሙዚቀኛ የሚጫወት” የሚለው አባባል በዚህ ቦታ ሐሰት ሆኖ ይገኛል፤ ለባህል ተመራማሪም ከጌጡ ሁሉ የሚበልጠው ያ ክንድ ነው። በሩቅ ሆኖ ለማንሣት የሚሻም የድምፅን ፍጥነት ያስብ፤ ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ በ34 ሜትር ርቀት የተተከለ ማይክሮፎን ድምፁን የሚቀበለው ከሥዕሉ በአንድ አሥረኛ ሴኮንድ ዘግይቶ ነው። ከበሮውን የሚመታው ምስል መቺውን ካነሣ በኋላ ምቱ ሲሰማ ተመልካች ማታለል ያለ ይመስለዋል። ማይክሮፎኑ በኦርጋኑ አጠገብ፣ ካሜራው በሩቅ ቢሆን ይህ ይወገዳል።

ማታለልን ካነሡ ዘንድ በኑሻቴል ከተማ ቤተ መዘክር ከ1909 ዓ.ም. ጀምሮ ያለችውን ሙዚቀኛይቱን መጥቀስ ይገባል። ፒዬር ዣኬ ድሮ ከልጁና ከባልደረባቸው ከሌሾ ጋር ሠርቶ በ1774 ዓ.ም. ለሕዝብ ያሳያት ይህች ምስል፣ በሴት አምሳል ተቀምጣ እውነተኛ ኦርጋን በእውነተኛ ጣቶቿ ትመታለች። ደረቷ እንደሚተነፍስ ሰው ከፍ ዝቅ ይላል፤ ዓይኗም ይንቀሳቀሳል። ከሩቅ በተነሣ ፊልም የሚያያት ሰው፣ ዜማው ከውስጥ ከተሸሸገ ሣጥን የሚወጣ፣ ጣቶቿ ደግሞ ለማስመሰል የሚንቀሳቀሱ ይመስለዋል፤ ብዙ ሌሎች ምስሎች እንዲህ ናቸውና። ጣቱና የሚጫነው መክፈቻ በአንድ ሥዕል ውስጥ ሳይቈረጡ ከድምፁ ጋር ካልታዩ የሠሪዎቹ ጥበብ ሁሉ ከተራ ማስመሰል ሳይለይ ይቀራል።

በሕግም በኩል አንድ እንግዳ ነገር አለ። በ1886 ዓ.ም. የተፈረመው የበርን ስምምነት መዝጊያ ቃለ ጉባኤ፣ ዜማን በመኪና የሚያሰሙ መሣሪያዎችን ማበጀትና መሸጥ የደራሲን መብት መንካት እንደማይባል ደንግጎ ነበር፤ ለስዊስ ሣጥን ሠሪዎች ይህ ታላቅ ከለላ ነበር። ስምምነቱ በ1908 ዓ.ም. በበርሊን ሲሻሻል ደራሲዎች መብቱን አገኙ። ዛሬ ደግሞ ቪዲዮ የሚያሠራጩት ድርጅቶች ዜማን ከዜማ የሚያመሳስል መኪና ስላቆሙ፣ ደራሲው ከሞተ መቶ ዓመት ያለፈው ዜማ እንኳ የሌላ ሰው ቅጂ ነው ተብሎ ሊከለከል ይችላል። ሰው የሌለበት ዳኛ ሰው የሌለበትን ሙዚቀኛ ይከስሳል። በዚህ ጊዜ መልስ ለመስጠት የሚያስችለው በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ የተለጠፈው የዜማዎች ዝርዝርና በመኪናው ላይ የተቀረጸው ቍጥር ስለ ሆነ፣ ሁለቱም በፊልሙ መጀመሪያ ላይ ይነሡ።

ከፊልሙ ጋር አብሮ የሚቀመጠው ጽሑፍ የሠሪውን ስም፣ የመኪናውን ቍጥር፣ የታደሰበትን ዘመንና የተለወጡትን ክፍሎች፣ ሞላው ስንት ዙር እንደ ተሞላ፣ የክፍሉን ሙቀት፣ የማይክሮፎኖቹን ርቀት፣ መኪናውንም ማን እንዳጫወተው ይይዛል። የፊልሙ ፍጻሜ ግን ብዙ ጊዜ ከሚደረገው ይራዘም። የመጨረሻው ድምፅ እንደ ተሰማ ካሜራውን መዝጋት የተለመደ ነው፤ ሲሊንደሩ ወደ ጎን ተገፍቶ ለሚቀጥለው ዜማ ቦታውን የሚይዘው ግን በዚያው በዜማው መጨረሻ፣ እሾህ በሌለበት መሥመር ላይ ሲደርስ ነው። ከዚያ በኋላ ማቆሚያው ጠቅ ይላል፤ ክንፏም ትቆማለች።